ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል፦ ክብደት መቀነሱ እንዳይቆም ስፖርታችሁን እንዴት ትቀያይራላችሁ?

ከቢሮዬ ወደ ታክሲ በምሄድበት መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ክብደት ለመቀነስ ቆርጬ ስነሳ 94 ኪሎ መሆኔን የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እቆምበታለሁ። 92፣ 90፣ 88። ልጁ ከእኔ በላይ ደስ ይለው ነበር። 86 ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት። በስድስተኛው ገና ጫማዬን ሳወልቅ ሚዛኑን እንኳ ሳያይ «ያው ነው ጋሼ» አለኝ።

ስፖርት አቁሜ አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ 5 ኪሎ ሜትር ዱብ ዱብ እላለሁ። መንገዱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ የምዞርበት ኪዮስክ እንኳ ያው። ለካ ሚዛኑ ብቻ ሳይሆን ሩጫዬም «ያው» ሆኖ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሆናችሁ ነው። ሁለት ሦስት ወር ስፖርት ሠርታችሁ፣ የተወሰነ ኪሎ ቀንሳችሁ፣ ከዚያ ለቆመባችሁ። ገና ነገ የምትጀምሩ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ለጀማሪ በየቀኑ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ጉልበትና ወገብ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ከታች ያሉትን ከባድ ነገሮች ከመሞከራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

መጀመሪያ፣ ለምን ይቆማል?

ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በግምት 1 ካሎሪ ይፈጃል። 94 ኪሎ ሳለሁ 5 ኪሎ ሜትሩ 470 ካሎሪ ገደማ ያስወጣኝ ነበር። 86 ስሆን 430 ሆነ። በአንድ ጠዋት 40፣ በአምስት ቀን 200 ካሎሪ ቀረብኝ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቀለለ ሰውነት ቁጭ ብሎም ቢሆን ትንሽ ነው የሚያቃጥለው። ለእያንዳንዱ የወረደ ኪሎ በቀን 10 ካሎሪ ገደማ ይቀንሳል። 8 ኪሎ ስለቀነስኩ በቀን 80፣ በሳምንት 560 ካሎሪ ማለት ነው። ድምሩ 760።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ያጣሁት በሳምንት 100 ግራም ያህል ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን ሚዛኑን ቀጥ የሚያደርግም አይደለም። የቀረው የት ገባ?

ስልኬ ላይ ያለውን የእርምጃ ቆጣሪ ከፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ስጀምር በቀን 9,000 እርምጃ ነበረኝ። አሁን 5,500። «ጠዋት ሮጫለሁ» በሚል ሰበብ በእግሬ የምሄድባትን ሁለት ፌርማታ በታክሲ መሄድ ጀምሬያለሁ። ቢሮ በሊፍት ነው የምወጣው። ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ነኝ። ማታ እንጀራው ላይ አንድ ጥቅል ተጨምሯል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልብ አላልኩትም። ብዙ ሰው ስፖርቱ «አልሠራ አለኝ» ሲል ነገሩ ይሄ ነው። ስፖርቱ ይሠራል፤ የቀረው ቀን ነው ሲያፈርስ የሚውለው።

ጂም ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። «ጡንቻህን አደናግረው፣ በየቀኑ ቀይርበት» ይሉሃል። ጡንቻ አይደናገርም። የሚያውቀው ጫና መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ነው። ሰኞ ኤሮቢክስ፣ ማክሰኞ ቦክስ፣ ሐሙስ ዙምባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ የሚል ሰው የትኛውም ላይ አይሻሻልም። ሲደክመውና ሲያመው የሠራ ይመስለዋል፤ የጡንቻ ሕመም ግን ስብ ለመቃጠሉ ምልክት አይደለም። መቀያየር ሌላ ነው፣ መዘበራረቅ ሌላ።

አንድ፦ በእርግጥ መቆሙን አረጋግጡ

ሁለት ሳምንት አለመቀነስ መቆም አይባልም። የበዓል ዶሮ ወጥ ከነጨውና ከነቅባቱ ለሦስት ቀን ውሃ አስይዞ ሚዛኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ይታያል።

በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከተገባ በኋላ፣ ምንም ሳይበላ መመዘን ነው። ቤታችሁ ሚዛን ከሌለ እንደኔ መንገድ ዳር ይሁን፣ ግን ሁሌ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ በቀላል ልብስ። ሦስቱን ቁጥር ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። ከዚያ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገባችሁን እምብርት ላይ ለኩ፤ ሆድ ሳይሳብ፣ አየር ካስወጣችሁ በኋላ። አራት ሳምንት ሙሉ ክብደቱም ወገቡም ካልተነቃነቀ፣ አዎ፣ ቆሟል። ክብደቱ ቆሞ ወገባችሁ እየጠበበ ከሆነ ግን ምንም አትንኩ። ቦርጭ እየሄደ ነው።

ሁለት፦ የአንድ ሳምንታችሁን እውነት ጻፉ

ደብተር ያዙ። ምን ሠራችሁ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ያህል ከበዳችሁ፣ በቀን ስንት እርምጃ ተራመዳችሁ። ማንም አያየውም፤ ስለዚህ አትዋሹ።

ስፖርቱ ምን ያህል እንደከበዳችሁ ለመለካት ስልክም ሰዓትም አያስፈልግም። የምጠቀምበት የወሬ ፈተና ነው። እየሮጣችሁ የትናንቱን ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ማውራት ከቻላችሁ ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ መተንፈስ ካስፈለጋችሁ መካከለኛ። «እሺ» እና «ቆይ» ብቻ ከወጣችሁ ከባድ ነው። እኔ ደብተሬን ስገልጥ አምስቱም ቀን «መካከለኛ» ይላል። አንድም ቀላል የለም፣ አንድም ከባድ የለም።

የእርምጃው ቁጥር ከድሮው ከወረደ ሌላውን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት እሱን መልሱት። ሁለት ሳምንት ስጡት። አንዳንዱ ሰው ከዚህ በላይ ማንበብ አያስፈልገውም፣ እዚሁ ላይ ይፈታለታል።

ሦስት፦ ከሩጫው ሁለት ቀን ቀንሱና የጉልበት ሥራ አስገቡ

መጀመሪያ የምትቀይሩት ይህንን ይሁን። ክብደት ስንቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ጡንቻ ነው። ሩጫና እርምጃ ብቻ የሚሠራ ሰው ላይ ይብሳል። ጡንቻውን የሚያስቀርልን ጫና ያለው ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምር ይላል። ሁለተኛዋን ክፍል ማንም አይሰማትም።

አንድ ነገር ግን ልናገር። «ጡንቻ ካበጀህ ተኝተህም ትቀንሳለህ» የሚሉትን አትመኑ። አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት ላይ በቀን የሚያቃጥለው 13 ካሎሪ ገደማ ነው። የግማሽ ማኪያቶ ስኳር አይሞላም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የሚወርደው ኪሎ ከስብ እንዲሆን ያግዛል፤ ደረጃ መውጣቱና መሮጡም ይቀልላችኋል።

ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሁለት ካላችሁ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ይህን የመሰለ ዳምቤል የትም አይገኝም፣ ክብደቱ በብርጭቆ የሚጨመር። እኔ ሊትሩን ለክቼ በማርከር ጎኑ ላይ መስመር አስምሬበታለሁ። 2፣ 3፣ 4፣ 5። ልጄ «የአባዬ ቴርሞሜትር» ትለዋለች።

አሥር ደቂቃ ሰውነት አሟሙቁ፤ ቦታ ላይ መራመድ፣ ክንድ ማዞር፣ ወገብ ማፍታታት። ከዚያ ወደ ሥራው።

ቁጭ ብድግ። ትምህርት ቤት ስናረፍድ የተቀጣንበት ያው ነው። ከኋላችሁ ወንበር አስቀምጡ። እግር በትከሻ ልክ ይከፈት። መቀመጫችሁ ወንበሩን ነካ ሲያደርግ ተነሱ፣ አትቀመጡ። ተረከዝ ከመሬት አይነሳ። ሲቀላችሁ ጀሪካኑን በሁለት እጅ ደረታችሁ ላይ እቀፉ።

ፑሽ አፕ። መሬት ላይ አንድ መሥራት የማይችል በግድግዳ ይጀምር። ከዚያ በጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ በወንበር፣ ከዚያ መሬት። እኔ ከግድግዳ መሬት ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አያሳፍርም።

ጀሪካን መሳብ። ግራ እጃችሁን ወንበር ላይ አስደግፉ፣ ጎንበስ በሉ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። በቀኝ እጅ ጀሪካኑን ከመሬት ወደ ጎድን አጥንታችሁ ሳቡት። ክርን ከሰውነት አይራቅ። ከዚያ እጅ ቀይሩ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚጎብጥ ሰው ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

መቀመጫ ማንሳት። በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ከመሬት አንሱ፣ ሁለት ሰከንድ ያዙት፣ አውርዱት።

ተሸክሞ መሄድ። በሁለቱም እጅ ጀሪካን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ 40 እርምጃ ሂዱ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይሄ ስፖርት ሳይሆን ኑሮ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሳምንት ባለ 20 ሊትሩን ሦስቴ ካወጣችሁ ይህችን ዝለሏት።

ተሸክሞ ከመሄዱ በቀር እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በዙር መሃል አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል እረፍት። አቅማችሁ እስኪያልቅ አትሂዱ፤ «ሁለት መጨመር እችል ነበር» የምትሉበት ላይ አቁሙ። በሦስቱም ዙር 12 ከሞላ በሚቀጥለው ቀን አንድ ሊትር ጨምሩ። ደብተሩ ላይ መጻፍ አትርሱ። «ቁጭ ብድግ፣ 3 ሊትር፣ 12፣ 11፣ 9» በቃ። መሻሻል የሚታየው ከዚህ ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ይህን በጀመራችሁ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። አዲስ ጫና የነካው ጡንቻ ራሱን ሲጠግን ውሃ ይይዛል። ስብ አይደለም። እኔ በሁለተኛው ቅዳሜ 87 ሆንኩ። ልጁ አዘነልኝ፤ «ጋሼ ምን ነካዎት?» አለኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ወደ ድሮው ሩጫ የሚመለሰው። ሜትሩን ተመልከቱ፣ ሚዛኑን ለአንድ ወር እርሱት።

አራት፦ አንዱን የሩጫ ቀን አክብዱት

የጉልበት ሥራውን ሁለት ሦስት ሳምንት ከለመዳችሁት በኋላ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትጀምሩ። ባንድ ጊዜ ከጀመራችሁ ምኑ እንደሠራና ምኑ እንዳሳመማችሁ አታውቁም።

የምትሠሩት ፋርትሌክ ነው። ሯጮቻችን በየልምምዱ የሚጠሩት ይህ ቃል የስዊድን ነው፤ በፍጥነት መጫወት እንደማለት። ጎስታ ሆልመር የተባለ ስዊድናዊ አሰልጣኝ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው። ሰዓት አይፈልግም። የመብራት ምሰሶ ካለ በቂ ነው።

አሥር ደቂቃ በቀላሉ ዱብ ዱብ በሉ። ከዚያ ከአንዱ ምሰሶ እስከሚቀጥለው ፈጠን ብላችሁ ሩጡ። ያበደ ሩጫ አይደለም፤ ታክሲ ሊያመልጣችሁ ሲል የምትሮጡትን ያህል። ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ምሰሶዎች በእርምጃ እለፉ። ትንፋሻችሁ ሲመለስ እንደገና። ስድስት ጊዜ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ጨምሩ፣ አሥር ላይ ስትደርሱ አቁሙ። መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ እርምጃ። መሮጥ የማይችል ሰው ያንኑ በእርምጃ ይሥራው፤ አንድ ምሰሶ እንደሚያረፍድ ሰው፣ ሁለት ምሰሶ እንደ ሽርሽር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ የሩጫ ሰዓቱን ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። ባሕር ዳርቻ ላይ ነው የሚሮጠው። አልመልስለትም።

ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳይነጋ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ለሰፈር ውሻ ጥሪ ነው። ስትሰሙት አቁማችሁ በእርምጃ ሂዱ፣ ፊታችሁን አዙሩለት፣ ጀርባ አትስጡት። ከተቻለ ፈጣኑን ክፍል ከነጋ በኋላ አድርጉት።

ይህ ቀን በሳምንት አንድ ብቻ ይሁን። ሌሎቹን የሩጫ ቀናት ደግሞ ቀለል አድርጓቸው፤ ወሬ እስከሚያስወራ ድረስ። ብዙ ሰው ከባዱን ማክበድ አያቅተውም፤ ቀላሉን ማቅለል ነው የሚያቅተው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ አትሌቶቹን ተመልከቱ። ዓለም ያሸነፈ ሰው በዛፍ መሃል እየተጠማዘዘ፣ በሰልፍ፣ ዝግ ብሎ ሲሮጥ ታያላችሁ። አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን አስፋልት፣ አንድ ቀን ትራክ። ለስላሳው አፈር እግራቸውን ያሳርፋል፣ ለከባዱ ቀን ያቆያቸዋል። እኛ ደግሞ ሁሌ አስፋልት፣ ሁሌ እኩል።

አምስት፦ ደረጃና ዳገት

ከጉልበት ሥራውና ከፋርትሌኩ በኋላ የሚመጣ ነው፣ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ጂ ፕላስ ፎሩ ይበቃችኋል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አልረሳውም። ደረጃውን እንደ ወጣት በሩጫ ወጣሁ፣ በሩጫ ወረድኩ። አራተኛው ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ የከተቱ አንድ ሽበታም አባት በእርምጃ እየወጡ አጠገቤ ደረሱ። ሳይቆሙ «ልጄ፣ ቁልቁለቱን ቀስ በል፤ ጉልበት የሚበላው መውረዱ ነው» ብለውኝ አለፉ። ቁጭ ብዬ ስቆጥራቸው አሥራ ሁለት ጊዜ ወጡ። አንድም ጊዜ አልሮጡም።

ልክ ናቸው። ሲወጣ ልብ ይሠራል፣ ሲወረድ ጡንቻና ጉልበት ጫናውን ይቀበላል። በነጋታው ደረጃ መውረድ የሚያሳቅቃችሁ ከመውጣቱ ሳይሆን ከመውረዱ ነው። ስለዚህ በብርታት ውጡ፣ በእርምጃ ውረዱ። ስድስት ጊዜ ጀምሩ። ወደ ላይ ብቻ መውጣት ሲሰለቻችሁ ሯጮቹ እንደሚያደርጉት በደረጃው ርዝመት ከዳር ዳር ሩጡ፣ ጫፍ ላይ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ፣ ተመለሱ። ጉልበታችሁ ፊት ለፊቱ ላይ ከወጋችሁ የዚያን ቀን አቁሙ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በረጅም ዳገት እርምጃ ተኩት።

ስድስት፦ ሳምንቱን አሰናዱ

ሁሉም ሲገባ ሳምንቴ ይህን ይመስላል፦

ሰኞ፦ ጀሪካን፣ 35 ደቂቃ።
ማክሰኞ፦ ፋርትሌክ፣ 40 ደቂቃ።
ረቡዕ፦ እርምጃ ብቻ።
ሐሙስ፦ ጀሪካን።
ዓርብ፦ እረፍት።
ቅዳሜ፦ ደረጃ።
እሁድ፦ ረጅም፣ ቀላል፣ ከሰው ጋር። ከአንድ ሰዓት በላይ።

ረቡዕና ዓርብ ቀለል ያሉት በአጋጣሚ አይደለም። ጾም ነው። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ከባዱን ነገር እዚያ ላይ መጫን ለድካም ነው። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሙሉ ስፖርት ማቆም ግን አያስፈልግም። ጠዋት እርምጃውን ሂዱ፣ ጀሪካኑን ጾሙ ከተፈታ ከአንድ ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉት። በረመዳን ደግሞ ቀላሉን ከኢፍጣር በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት፣ ከባዱን ከኢፍጣር በኋላ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። ያዋጣቸዋል። ማዞር ከመጣ ግን ያን ቀን ተዉት።

በየአራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት አንድ የእረፍት ሳምንት አስገቡ። ቀናቱ አይቀነሱ፣ መጠኑ በግማሽ ይውረድ። ሦስት ዙር የነበረው አንድ ተኩል አይሆንም፤ ሁለት አድርጉት። አሥር ምሰሶ የነበረው አምስት። መጀመሪያ ላይ ስንፍና መስሎኝ ዘለልኩት። ተረከዜ አሞኝ ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ።

ሰባት፦ ቀጥሎ ምን ትቀይራላችሁ?

አንድን ፕሮግራም ቢያንስ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር ሳምንት ያዙት። ከዚያ በፊት ስለሰለቻችሁ ብቻ አትቀይሩ። ጊዜው ደርሶ ሚዛኑም ሜትሩም እንደገና ከቆሙ አራት ነገር አለ፦ ስንት ቀን፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ያህል ከባድ፣ ምን ዓይነት። ከአራቱ አንዱን ብቻ ንኩ።

ጊዜ ያለው ሰው ደቂቃ ይጨምር፤ የእሁዱን ከአንድ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ። ጊዜ የሌለው ስፖርቱን ያክብድ፤ ምሰሶውን ከአንድ ወደ ሁለት ያስረዝም። እግሩ የደከመ ዓይነቱን ይቀይር፤ የማክሰኞውን ሩጫ በገመድ ዝላይ፣ በብስክሌት ወይም ዋና በሚገኝበት በዋና። ዝላዩ ለከባድ ሰውነት ይከብዳል፤ ከ90 ኪሎ በላይ ከሆናችሁ ብስክሌቱ ይሻላል። ቁጭ ብድግ ሲሰለች አንድ እግር ደረጃ ላይ አድርጎ መውጣት ይተካዋል። የምትሠሩት ጡንቻ ያው ሆኖ መንገዱ ተቀየረ ማለት ነው።

ግብ የሚያስፈልገው ሰውም አለ፣ እኔም ከነሱ ነኝ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኅዳር የሚካሄድ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከነሐሴ ጀምሮ የእሁዱን ጉዞ በየሳምንቱ በጥቂቱ እያረዘመ የሚሄድ ሰው ኅዳር ላይ ይደርሳል። ቲሸርቱን ለብሳችሁ ግፊያው ውስጥ በእርምጃ ብትጨርሱም ማንም አያያችሁም።

ስለ ምግብ አጭር ነገር

ረጅም ነገር ስለሆነ አልገባበትም። ግን አንዷን ካልተናገርኩ ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከደረጃው በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ጭማቂ ቤት እንገባ ነበር። «ስፖርት ሠርተናል» ነው ሰበቡ። ስፕሪስ፣ አቮካዶ ከማንጎ፣ ከላይ ስኳር። አንድ መካከለኛ አቮካዶ ብቻውን ከ200 ካሎሪ በላይ ነው፤ ማንጎውና ስኳሩ ሲጨመር የጠዋቱን ሩጫ መልሼ ጠጣሁት ማለት ነው። አቮካዶ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በሰላጣ ግማሹን እበላዋለሁ። በብርጭቆ ሲመጣ ግን ምግብ መሆኑን እንረሳዋለን። ድራፍቱም እንዲሁ፤ ግማሽ ሊትር ቢራ 200 ካሎሪ ገደማ ነው፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል የሚመስለው ሰው ሳምቡሳውንና ዘይት የተንሳፈፈበትን ድንች ይቁጠር።

በምትኩ ጀሪካኑ ፕሮቲን ይፈልጋል። በቀን ለአንድ ኪሎ 1.2 ግራም ገደማ፤ ለእኔ 100 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም። ስለዚህ እንጀራውን በአንድ ጥቅል ቀንሳችሁ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውን አብዙት።

መቼ ትተዋላችሁ?

ደረት ላይ ጭነት፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ባልተለመደ ሁኔታ የሚያጥር ትንፋሽ ከመጣ ስፖርቱ ወዲያው ይቁም፣ ወዲያው ወደ ሕክምና ይኬድ፤ «ትንሽ ልረፍ» አይባልም። ስፖርቱም ምግቡም ተስተካክሎ ወራት ሙሉ ምንም ካልተነቃነቀ፣ በተለይ ድካምና የብርድ ስሜት ካለ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መመርመር ተገቢ ነው። አንዳንድ መድኃኒትም ክብደት ይጨምራል፤ ሐኪሙን ጠይቁት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ቁመታችሁ የሚፈቅደው ክብደት ላይ የደረሳችሁ ደግሞ ቆሟል ብላችሁ አትጨነቁ። መቆም ያለበት ቦታ ላይ ነው የቆመው።

የእኔ ሚዛን ከ86 የተነቃነቀው በሰባተኛው ሳምንት ነው። ወገቤ ግን በአምስተኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠቦ ነበር፤ ቀበቶዬ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከመስቀል አደባባይ ስመለስ ልጁ ጋ ቆምኩ። ዝቅ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና ዝቅ ብሎ አየ። «83 ተኩል» አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ዛሬ ዋጋ ጨምሯል» ብሎ ሳቀ።